ዘር፣ አፈር፣ ጫማ

በምሥራቅ ኦስሎ፣ ኦከርን በሚባለው ሰፈር፣ በክረምት አንድ ቤት ስንት እንግዳ እንደገባ በሩ ላይ ከተደረደረው ጫማ ይታወቃል። ኖርዌይ ውስጥ ጫማ ሳያወልቁ ሰው ቤት መግባት ነውር ነው። ልማዱ ለኢትዮጵያዊ አዲስ አይሆንበትም፤ እሱም ቤተ ክርስቲያን ሆነ መስጊድ ሲገባ ጫማውን ያወልቃል። ልዩነቱ ያለው ከደጅ ውጭ ነው። ከኦከርን ቤቶች የሚወጣ ሰው ጫማውን መልሶ ያጠልቃል፤ ለበረዶውም ለዝናቡም ለየብቻው አለው። በጎጃም ደጋ ወይም በወላይታ ቀይ አፈር ላይ ግን ጫማ ያለው ገበሬ እንኳ ለበዓልና ለገበያ ቀን ሲያስቀምጠው፣ ማሳው በባዶ እግር ሲታረስ ብዙ ትውልድ አልፏል።

ከዚህ ልዩነት የተወለደ አንድ በሽታ አለ። ሕክምናው ፖዶኮኒዮሲስ ይለዋል፤ ስሙ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተሰፋ ነው። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። የግሪኩ ስም የበሽታውን መነሻ ይናገራል፤ የአማርኛው ስም የሚናገረው መልኩን፣ ያበጠውንና የሻከረውን እግር ነው። ሦስተኛ ስም ደግሞ አለው፤ በለቅሶ ቤትና በሠርግ ዝግጅት ላይ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚነገር፦ «የዘር በሽታ»። ከሦስቱ ስሞች ብዙ ሰው የጎዳው ይህ የመጨረሻው ነው። ችግሩ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አለመሆኑ ነው።

የማይታየው ወንዝ

ደም ከልብ ወጥቶ ወደ ልብ ሲመለስ ጥቂት ፈሳሽ ከቀጫጭን የደም ሥሮች ሾልኮ በሥጋ መካከል ይቀራል። ያን ፈሳሽ ለቅሞ ወደ ደም የሚመልሰው የሊምፍ ሥርዓት ነው። ቧንቧዎቹ እንደ ክር የቀጠኑ ናቸው፤ በውስጣቸው የሚሄደውም ቀለም የለሽ ስለሆነ በዓይን ለመለየት ያስቸግራሉ። በመንገዳቸው ላይ ባቄላ በሚያካክሉ ዕጢዎች ውስጥ ያልፋሉ፤ ዕጢዎቹም ባዕድ ነገር እየያዙ ያስቀራሉ። እግሩ የቆሰለ ሰው ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት እንደሚወጣበት የገጠር እናት ከሐኪም ሳትማር ታውቃለች። ይህ ዕውቀት የሊምፍን መንገድ ከእግር ጣት እስከ ብሽሽት በትክክል የተከተለ ነው።

የአውሮፓ ሐኪሞች ይህን መንገድ በመጽሐፍ ለማስፈር ረጅም ጊዜ ወስዶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1622 ጋስፓሬ አሰሊ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ከበላ ጥቂት የቆየ ውሻ ሆድ ሲከፍት ወተት የመሰለ ፈሳሽ የሞላባቸው ቀጫጭን ሥሮች አየ። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ነገሩ ወደ ስካንዲኔቪያ ተሻገረ። በኮፐንሃገን ቶማስ ባርቶሊን፣ በኡፕሳላ ደግሞ ገና ወጣት የነበረው ኡሎፍ ሩድቤክ፣ ሥርዓቱ በመላ አካል የተዘረጋ መሆኑን በተቀራራቢ ጊዜ ደረሱበት፤ ከዚያም ማን ቀደመ በሚለው ተጣሉ። ሩድቤክ በ1652 ግኝቱን በንግሥት ክርስቲና ፊት አሳየ። ባርቶሊን ደግሞ በ1653 ባሳተመው ጽሑፍ ለቧንቧዎቹ ዛሬ ድረስ የሚጠሩበትን ስም ሰጣቸው፤ ቃሉ በላቲን ጥርት ያለ ውሃ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡ የአካል መርማሪዎች ብዙ አስከሬን በከፈቱ ቁጥር አንድ ነገር እየታያቸው ሄደ። መጽሐፍ ላይ እንደተሳለው ሆኖ የተፈጠረ ሰው ጥቂት ነው። የሊምፍ ዋናው ግንድ በደረት ውስጥ ሽቅብ ወጥቶ በግራ አንገት ሥር ከደም ሥር ጋር እንደሚገጥም ይጻፋል። በአንዳንዱ ሰው ግን ግንዱ ሁለት ነው፤ በአንዳንዱ መንገድ ላይ ተከፍሎ መልሶ ይገናኛል፤ በጥቂቶች ደግሞ በቀኝ በኩል ይገባል። የብሽሽት ዕጢዎች ቁጥርም ከሰው ሰው ይለያያል። ባለቤቱ ከዚህ ሁሉ አንዱንም ሳያውቅ ኖሮ ይሞታል። ልዩነት መሆኑ ብቻውን በሽታ አላደረገውም።

አንዳንድ ጊዜ ግን ልዩነቱ ራሱ በሽታ ይሆናል። በ1892 ዊልያም ሚልሮይ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የአንድ ቤተሰብን ስድስት ትውልድ ቆጥሮ ከ97 ሰዎች መካከል 22ቱ እግራቸው ያበጠ መሆኑን ጻፈ። እብጠቱ ከልደት የሚጀምር ሲሆን፣ ከመቶ ዓመት በኋላ መነሻው የሊምፍ ቧንቧዎች እንዲያድጉ የሚያዝ አንድ ዘረ መል መሆኑ ታወቀ። እዚህ ላይ «የዘር በሽታ» የሚለው ቃል ቦታውን አግኝቷል፤ ያ ልጅ የትም ይወለድ የት፣ ምንም ይጫማ ምን፣ ቧንቧው ገና ከማኅፀን ጎድሏል። ጥያቄው የኢትዮጵያው ዝሆኔ እንደዚህ ነው ወይ የሚለው ነው።

ገበያ ላይ የተቆጠሩ እግሮች

በ1960 አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶን ወርቅ ሲያጠልቅ ዓለም የኢትዮጵያን ባዶ እግር በአድናቆት አየ። ያ እግር የጽናት ምልክት ሆኖ እስከ ዛሬ ይጠራል። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ግን ሌላ ሰው የኢትዮጵያውያንን ባዶ እግር በሌላ ዓይን ይመለከት ነበር። ኦመን የተባለ ሆላንዳዊ ሐኪም በየአውራጃው በገበያ ቀን የሚያልፈውን ሰው እየተመለከተ እግሩ በዝሆኔ ያበጠውን ያስቆጥር ነበር። በ1969 ባወጣው ጥናት ከመቶ ገበያተኛ ሦስት ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው ጻፈ። ገበያ መሄድ የቻለው ነው የተቆጠረው፤ ከቤት የቀረው በቁጥሩ አልገባም።

በዚያን ጊዜ በትምህርት ቤት የሚሰጠው ማብራሪያ የዝሆን እግር የሚመጣው በትንኝ ከሚተላለፍ ክር መሰል ትል ነው የሚል ነበር። በጋምቤላ ቆላ ይህ እውነት ነው። የጎጃም፣ የወለጋና የወላይታ ደጋ ግን ትሉ የማይገኝበት አገር ነው፤ የታማሚው ብዛት ደግሞ እዚያ ነው። አመጣጡም ይለያያል። የደጋው በሽታ ከእግር ጣትና ከመርገጫ ጀምሮ ሽቅብ ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜም ከጉልበት በታች ይቆማል።

ይህን እንቆቅልሽ የያዘው ኤርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነው። ፕራይስ የመጣው ለሥጋ ደዌ ነበር፤ የሚሠራውም አዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ በ1965 በተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ በተለምዶ አለርት በሚባለው ውስጥ ነው። በ1970ዎቹ በሽተኞቹ የመጡበትን አገር በካርታ ላይ እያስቀመጠ ከአፈር፣ ከከፍታና ከዝናብ ካርታ ጋር አስተያየው። ነጥቦቹ በአንድ ቦታ ተሰበሰቡ፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር፣ ከፍ ያለ መሬት፣ ብዙ ዝናብ። ቀጥሎም ባዶ እግራቸውን ከሚሄዱ ሰዎች ብሽሽት የተወሰዱ የሊምፍ ዕጢዎችን አስመረመረ። በውስጣቸው ከአፈር የመጡ የሲሊካና የአሉሚኒየም ቅንጣቶች ተገኙ። መሬቱ በተሰነጠቀ ተረከዝና በጣቶች መካከል ገብቶ፣ የገጠር እናት በምታውቀው መንገድ ሽቅብ ወጥቶ፣ ንፍፊት ከሚወጣበት ቦታ ደርሶ ነበር።

ቅንጣቶቹን ለመዋጥ የሚመጡት የአካል ጠባቂ ሴሎች ቁጣ ይቀሰቅሳሉ፤ ቁጣው ሲደጋገም ቧንቧው ይጠባል፣ በመጨረሻም ይዘጋል። ወደ ላይ መውጣት ያልቻለው ፈሳሽ እግር ውስጥ ይከማቻል። በሽታው ሲነሳበት ሰውየው በትኩሳት ይንቀጠቀጣል፣ እግሩ እሳት ይሆናል፣ ለቀናት ከአልጋ አይወርድም።

ግን አንድ ነገር ሳይፈታ ቀረ። የአንድ መንደር ሰው ሁሉ ያንኑ አፈር በባዶ እግሩ ይረግጣል። ዮርዳኖስ ሞላና ባልደረቦቿ በምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም፣ በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች አጥንተው በ2012 ባወጡት ውጤት በሽታው የተገኘው ከመቶ ዐዋቂ ሰዎች በሦስት ያህሉ ላይ ነው። የቀሩት ለምን ተረፉ? ሕዝቡ ለዚህ መልስ ነበረው፦ «ዘራቸው ስለሆነ ነው።»

በበሩ ላይ ያለው ስም

ፕራይስ ከሚሠራበት ማዕከል ግቢ ውስጥ በ1970 በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ድጋፍ ሌላ ተቋም ተከፍቶ ነበር፤ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከመሩት ሰዎች አንዱ ኖርዌጂያዊው ቶሬ ጎዳል ነው። ኢንስቲትዩቱ ዛሬ የኢትዮጵያ መንግሥት ነው፤ በበሩ ላይ ያለው ስም ግን የዚያው የበርገን ሐኪም እንደሆነ ቀርቷል። ያ ስም ደግሞ ስለ ዘር የተደረገ አንድ ትልቅ ክርክር ማስታወሻ ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን የሥጋ ደዌ የምዕራብ ኖርዌይ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች መቅሠፍት ነበር። በ1856 በተጀመረው አገር አቀፍ መዝገብ ከ2,800 በላይ ሕሙማን ተመዝግበዋል። የበርገኑ ዳንኤል ዳንየልሰንና በኋላ በክርስቲያንያ፣ ማለትም በዛሬዋ ኦስሎ፣ ፕሮፌሰር የሆነው ካርል ቪልሄልም ቡክ በ1847 ስለ በሽታው ታላቅ መጽሐፍ አሳተሙ። ድምዳሜያቸው በሽታው በዘር ይወረሳል የሚል ነበር። ዳንየልሰን በዚህ እጅግ ስላመነ ከሕሙማን የተወሰደ ነገር በራሱ አካል ላይ ወጋ፤ አልታመመም። ማስረጃው የተሟላ መሰለው። በእርግጥም በሽታው በአንድ ቤት ውስጥ ይደጋገም ነበር፤ ያዩት ነገር ሐሰት አልነበረም።

በ1873 የዳንየልሰን ረዳትና አማች የነበረው ገርሃርድ አርማወር ሐንሰን ከሕሙማን ቁስል በወሰደው ነገር ውስጥ በትር መሰል ተሕዋስያን አየ። ዘር የተባለው ነገር በአንድ ጣሪያ ሥር አብሮ መኖር ሆኖ ተገኘ። ይህ ግኝት ሕሙማኑን ከዘር እድፍ ነፃ ቢያወጣቸውም በሌላ በኩል የመለየት ሕግ አመጣባቸው፤ በ1885 የወጣው ሕግ ሕሙማንን ከቤታቸው አውጥቶ ሆስፒታል ለማስገባት ሥልጣን ሰጠ። ያም ሆኖ ፈዋሽ መድኃኒት በ1940ዎቹ ከመገኘቱ አስቀድሞ በሽታው ከኖርዌይ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር።

በበርገን ሐኪሞች ዘር ነው ብለው ተሕዋስ ሆኖ ተገኘ። ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩ በተቃራኒው ሄደ። ብዙዎች ዝሆኔ ይጋባል ብለው ይፈሩ ነበር፤ በ2010 በወጣ ጥናት በወላይታ ከተጠየቁት የጤና ባለሙያዎች እንኳ ከግማሽ በላይ ተላላፊ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ዝሆኔ ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሲመረመር የተገኘው ዘር ነው።

ዘር ሲመረመር

በ2007 በደቡብ ኢትዮጵያ በብዙ ቤተሰቦች ላይ የተደረገ ጥናት ወጣ። የታማሚ ወንድም ወይም እህት በበሽታው የመያዝ ዕድል ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ እንደሚሆን፣ ማን ይታመማል ማን ይተርፋል ለሚለው ልዩነትም 63 በመቶ ያህሉ በውርስ እንደሚብራራ አሳየ። በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላ አየለ ከእንግሊዛዊቷ ሐኪም ጌይል ዴቪና ከሌሎች ጋር ባሳተመው ጥናት 194 ሕሙማንና 203 ጤነኞች ተነጻጸሩ። በሽተኞችን ከጤነኞች የለየው ምልክት የተገኘው የአካል ጠባቂ ሴሎች ባዕዱን ከራስ በሚለዩበት የዘረ መል ክፍል ላይ ነው። ማስረጃው የሚያመለክተው ልዩነቱ በቧንቧዎቹ አቀማመጥ ላይ ሳይሆን አፈሩ ሲገባ በሚነሳው ቁጣ ላይ መሆኑን ነው። አንዱ አካል የአፈር ቅንጣት ሲገጥመው ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ ሌላው የራሱን ቧንቧ እስኪዘጋ ድረስ ይዋጋዋል።

«63 በመቶ» የሚለው ቁጥር ግን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ከታማሚ ልጆች 63 በመቶው ይታመማሉ ማለት አይደለም። ሁሉም ባዶ እግሩን በሚሄድበት አገር፣ በሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት ዘር ምን ያህል ያብራራል የሚል ስሌት ነው። ሁሉም ጫማ ባደረገበት አገር ያ ዘር ምንም አያብራራም፤ የሚገለጥበት አፈር የለውምና። የሚልሮይ ቤተሰብ ልጅ የትም ሄዶ እብጠቱን አያመልጥም። የጎጃሙ ወይም የወላይታው ልጅ ግን ያው ዘረ መል እያለው በጤና ኖሮ ይሸመግላል። ሁለቱን በአንድ «የዘር በሽታ» በሚል ቃል መጥራት ትልቅ ስሕተት ነው።

ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ይህ ቃል ምን ሊያመጣ እንደሚችል አስቀድመው ፈርተው ነበር። ደም ከመውሰዳቸው በፊት በወላይታ ጥናቱ ለሰው እንዴት መነገር እንዳለበት ማኅበረሰቡን ጠየቁ፤ የጥያቄው ውጤትም በ2009 ታትሟል። ከተነሡት ሥጋቶች አንዱ በሽታው በቤተሰብ እንደሚወርድ ደጋግሞ መናገሩ መገለሉን ያብሰዋል የሚል ነበር። ሥጋቱ መሠረት ነበረው። ገበሬው ለሐኪሙ የነገረው እሱ የሚሸሸውን እውነት ነው፦ ለሳይንስ ማስረጃ የሆነው ነገር ለሰፈር ሰው ፍርድ ይሆናል።

ሰባት ቤት

በአማራ ባህል ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠራል። መነሻው ዝምድናን ለማጣራት ነው፤ ቆጠራው ግን እግረ መንገዱን ሌላም ነገር ያጣራል። «ዘራቸው ደኅና ነው ወይ?» ሲባል የሚጠየቀው ስለ ጠባይና ስለ ስም ብቻ ሳይሆን ስለ ደዌም ነው። አክስቷ በዝሆኔ የተያዘች ልጃገረድ የራሷ እግር ጤነኛ ቢሆንም ሽማግሌው ደጃፏ ሳይደርስ ሊመለስ ይችላል። ታማሚው በቤት ውስጥ ይደበቃል፤ ሲደበቅ ሳይታከም ይቀራል፤ ሳይታከም ሲቀር እግሩ ይብስበታል። የባሰው እግር ደግሞ ለሚቀጥለው ሽማግሌ ማስረጃ ይሆናል።

ይህ ቆጠራ በባሕር ማዶም አልቆመም። ከኦስሎ ወይም ከዋሽንግተን ስልክ ተደውሎ የሙሽራው ወገን ማንነት ሲጣራ ጥያቄው አብሮ ይሻገራል። ኦከርን ላይ ተወልዶ ያደገ፣ የጎጃምን አፈር በባዶ እግሩ ረግጦ የማያውቅ ልጅ፣ አያቱ በታመሙበት በሽታ ሊጠረጠር ይችላል። «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል ተረቱ። ስለ ጠባይ እውነት ሊሆን ይችላል። በዝሆኔ ጉዳይ ግን ልጓሙ ዘሩን ይዞ ማቆም እንደሚችል የሚታይ ማስረጃ አለ። ተመራማሪዎች እንደሚሉት ይህ በሽታ ድሮ በስኮትላንድ፣ በአየርላንድና በፈረንሳይም ነበር። ዛሬ የለም። መድኃኒት አልተገኘለትም፣ ጋብቻም አልተከለከለም፤ የሰዎቹ ዘርም ያው ነው። የተለወጠው ጫማቸው ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ሰው አሁንም ይታመማል። በ2017 ታትሞ የወጣው የከበደ ደሪቤና የባልደረቦቹ ግምት የታማሚዎቹን ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ያህል አድርጎታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ከተዘነጉት የሐሩር ክልል በሽታዎች መካከል የቆጠረው በ2011 ነው፤ የፕራይስ ካርታ ከተሣለ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ። ሕክምናው ውድ አይደለም። እግርን በሳሙናና ጥቂት በረኪና በተጨመረበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ በቅባት ማለስለስ፣ በፋሻ ማሰር፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና በ2018 የታተመ ጥናት ይህ ቀላል እንክብካቤ በሽታው የሚነሳበትን ጊዜ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ሕክምናው በተጀመረላቸው በዓመት 19 ጊዜ ያህል ሲነሳ፣ ተራቸውን በሚጠብቁት 24 ጊዜ ያህል ተነሥቷል። ቅነሳው ትልቅ አይመስልም። በእርሻና በአጨዳ ወራት ለሚኖር ሰው ግን እያንዳንዱ ጊዜ በርካታ ቀን ከማሳ መቅረት ነው።

በዓመት 19 ጊዜ የሚለው ቁጥር ሌላም ነገር ይናገራል። አንዴ የተዘጋ ቧንቧ እንደገና አይከፈትም። ለታመመው ሰው እንክብካቤው ዕድሜ ልኩን ነው፤ ለልጁ ግን በሽታው ፈጽሞ ሳይጀምር ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ታማሚ ባለበት ቤት መነገር ያለበት እውነት ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው፣ አዎን፣ ልጆቹ ከጎረቤት ልጅ ይልቅ ለአፈሩ ተጋላጭ ሆነው ተወልደው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ በዚህም ምክንያት በዚያ መንደር ጫማ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገባው ለእነሱ ነው፤ መራመድ ከሚጀምሩበት ቀን አንሥቶ፣ ለበዓል ብቻ ሳይሆን ለእርሻና ለትምህርት ቤት መንገድም። ሽማግሌዎቹ የመጀመሪያውን ክፍል ለብዙ ትውልድ ሲያውቁት ኖረዋል። ሁለተኛውን የነገራቸው ግን አልነበረም፤ ሰባት ቤት ሲቆጠር አብሮ ሊነገራቸው ይገባል።